የጭነት መኪና በኪራይ መልክ ስለ መግዛት
ለመጀመሪያ ጊዜ ባለመኪና ሊሆን ለሚያስብ ሾፌር የቀረበ የውል ምርመራ

መግቢያ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ከሰሜን አሜሪካ አንድ የውል ረቂቅ ልኮ፥ «እናንተ ትምህርት ላይ ናችሁና አንብቡልኝ፤ ልፈርም ወይስ ልተው?» ሲል ጠየቀን። ይህ ወንድማችን በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ የሚኖር ሲሆን ስድስት ዓመት ያኽል በአንድ የማጓጓዣ ኩባንያ ተቀጥሮ ትልቅ የጭነት መኪና ሲነዳ ቆይቷል። በረቂቁ መሠረት ከዚያው ኩባንያ አንድ መኪና ተረክቦ በየሳምንቱ እየከፈለ ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱ ያደርገዋል። ቅድመ ክፍያ አይጠየቅም፤ የባንክ ማስረጃም አያስፈልግም። ለመፈረም የተሰጠው ጊዜ ግን አምስት ቀን ብቻ ነበር።

ጥያቄው የአንድ ሰው ጥያቄ ቢመስልም የብዙዎች ነው። በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎች በዚሁ ሥራ ተሰማርተዋል፤ ሌሊቱን በመንገድ ላይ አሳልፈው ለእናት ለአባት ገንዘብ የሚልኩ፥ ከእኛም መካከል የአንዳንዶቻችንን የትምህርት ወጪ የሚሸፍኑ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በቤተ ዘመድ ምክር ብቻ ከመመለስ ይልቅ የሒሳብና የሕግ ትምህርታችን በሚፈቅደው መጠን መርምረን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ይገባል ብለን አሰብን።

የደረስንበት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ የዚህ ዐይነቱ ውል ጥቅምና ጉዳት የሚለካው በሳምንታዊው ክፍያ ትንሽነት አይደለም። የሚለካው ጭነቱን የሚያዝዘው ማን እንደ ሆነና ሾፌሩ ሦስቱን ዓመት ሳይጨርስ ቢወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ በማወቅ ነው።

1. የውሉ ጠባይ

በአሜሪካ አንድ ሾፌር ባለመኪና የሚሆንባቸው መንገዶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ብድር መግዛት ነው። ሁለተኛው መኪና ከማከራየት በቀር በጭነቱ ሥራ ከሌለበት የገንዘብ ድርጅት ተከራይቶ በመጨረሻው መግዛት ነው። ሦስተኛው ጭነቱን ከሚሰጠው ከማጓጓዣ ኩባንያው ራሱ መኪናውን በኪራይ መልክ መግዛት ነው። የወንድማችን ውል ሦስተኛው ዐይነት ስለ ሆነ ምርመራችንም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ይህን ውል የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ ሊያስተውለው የሚገባው አንድ ውል ሳይሆን ሁለት ውሎች መሆናቸውን ነው። በአንደኛው ኩባንያው መኪናውን ለሾፌሩ ያከራያል። በሁለተኛው ደግሞ ሾፌሩ ያንኑ መኪና ከነጉልበቱ ይዞ ለኩባንያው ለመሥራት ይዋዋላል። በመጀመሪያው ተከራይ ነው፤ በሁለተኛው የራሱን ሥራ የሚያካሂድ ነጋዴ ይባላል። በሁለቱም ወገን ፊት ለፊቱ የቆመው ግን ያው ኩባንያ ነው። በእጃችን ባለው ረቂቅ ከአሥራ አንደኛው አንቀጽ እንደሚነበበው፥ የሥራው ውል በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ የኪራዩም ውል ወዲያው ይፈርሳል፤ መኪናውም ይመለሳል። የሥራውን ውል ደግሞ ኩባንያው በሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያቋርጠው ይችላል። እንግዲህ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የከፈለ ሰው በሠላሳ ቀን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ብንመለከተው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በእኩል የሚያርስ ገበሬ ዝናብ ቀርቶ ምርቱ ሲያንስ የባለመሬቱም ድርሻ አብሮ ያንሣል። ጉዳቱን ሁለቱም ይካፈሉታል። በዚህ ውል ግን የመኪናው ኪራይ በየሳምንቱ አንድ ነው፤ ጭነት ቢኖርም ባይኖርም፥ ሞተር ቢሠራም ጋራዥ ቢገባም አይቀንስም። የሚለዋወጠው የሾፌሩ ገቢ ብቻ ነው። ጭነቱን የሚመድበው ደግሞ ሾፌሮቹ «ዲስፓቸር» የሚሉት የኩባንያው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ዝናቡም ከባለመሬቱ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

2. የልማዱ ታሪክ በአጭሩ

እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጭነት ማጓጓዣን ሥራ በመንግሥት ፈቃድና ታሪፍ ሥር አድርጎት ነበር። በ1980 የወጣው ሕግ ይህን ቁጥጥር በብዛት ስላላላው አዲስ ኩባንያዎች በዙ፤ የማጓጓዣው ዋጋም በውድድር ወረደ። ኩባንያዎቹ ወጪያቸውን ለመቀነስ ካገኙአቸው መንገዶች አንዱ መኪናውንና ከመኪናው ጋር የሚመጣውን ወጪ ሁሉ ወደ ሾፌሩ ማዛወር ሆነ። የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ የሆኑት ስቲቭ ቪሼሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አካሄድ በስፋት አሳይተዋል፤ እሳቸውም ለጥናታቸው ሲሉ ራሳቸው መንጃ ፈቃድ አውጥተው በሾፌርነት ሠርተዋል።

ሌላው ምሳሌ የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች ታሪክ ነው። እነዚህ ወደቦች አየሩን ከጭስ ለማጽዳት ሲሉ ከ2008 ጀምሮ አሮጌ መኪናዎችን ደረጃ በደረጃ ከለከሉ። ዓላማው መልካም ነበር። ነገር ግን አሮጌ መኪናቸውን የተከለከሉት ሾፌሮች፥ አብዛኞቹም ስደተኞች፥ አዲሱን የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። ኩባንያዎች አዲሶቹን መኪናዎች ገዝተው በዚሁ በኪራይ መልክ አቀረቡላቸው። ዩኤስኤ ቱዴይ የተባለው ጋዜጣ በ2017 ባወጣው ተከታታይ ምርመራ፥ ከእነዚህ ሾፌሮች አንዳንዶቹ ሳምንት ሙሉ ሠርተው ከተቀነሰባቸው በኋላ ጥቂት ሳንቲም እንደ ደረሳቸው፥ አንዳንዶቹም ለኩባንያው ባለዕዳ ሆነው እንደ ተገኙ ገልጧል።

ነገሩ ወደ ምክር ቤትም ደርሷል። በ2021 የወጣው የመንገድና የድልድይ ሥራዎች ሕግ፥ የእነዚህን ውሎች ጠባይ የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዘ። ኮሚቴው በጥር 2025 ባቀረበው ዘገባ፥ ማጓጓዣ ኩባንያዎች የሚቈጣጠሩት የኪራይ ግዥ ሊታረም የማይችል ስለ ሆነ በሕግ እንዲከለከል ሐሳብ አቅርቧል። የኮሚቴ ሐሳብ ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም ለመፈረም ብዕር ያነሣ ሰው ሳያውቀው ሊያልፈው የሚገባ ነገር አይደለም።

3. የሒሳቡ ምርመራ

ሀ. ጠቅላላ ዋጋው

በረቂቁ የተጻፈው ሳምንታዊ ክፍያ 950 ዶላር ነው። ይህ ለ156 ሳምንት ሲከፈል 148,200 ዶላር ይሆናል። በመጨረሻው ላይ መኪናውን በስሙ ለማዛወር 15,000 ዶላር ይጨመራል። ጠቅላላው 163,200 ዶላር ነው። ይህ ቍጥር ግን በረቂቁ በየትኛውም ገጽ ላይ አንድ ላይ ተደምሮ አልተጻፈም።

በዚያው ዕድሜና በዚያው ማይል ያለ መኪና በገበያ 80,000 ዶላር ያወጣል ብለን እንነሣ። ያንን ገንዘብ በዓመት 12 በመቶ ወለድ ለሦስት ዓመት የተበደረ ሰው በወር 2,657 ዶላር ያኽል፥ በጠቅላላው 95,650 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ወለዱ 20 በመቶ እንኳ ቢሆን ጠቅላላው 107,000 ዶላር አካባቢ ነው። ከዚህ የምንረዳው ውሉ «ወለድ የለበትም» ቢልም በዋጋው ውስጥ የተሸሸገው ወለድ ከውድ ብድር እጅግ የሚበልጥ መሆኑን ነው። ባንክ ለማያበድረው ሰው ትርፍ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ገዥው የትርፉን መጠን አውቆ መፈረም ይኖርበታል።

ለ. የሳምንቱ ገቢና ወጪ

ለስሌት እንዲመች ኩባንያው በማይል 1.70 ዶላር ይከፍላል፥ መኪናው በአንድ ጋሎን ናፍጣ 6.5 ማይል ይሄዳል፥ ናፍጣው በጋሎን 3.75 ዶላር ነው፥ ለጥገናና ለጎማ በማይል 10 ሳንቲም ይቀመጣል እንበል። መኪናው ቢቆምም የማይቀሩት ወጪዎች ደግሞ የኪራዩ 950፥ የኢንሹራንስና የሰሌዳ 230፥ በመያዣነት የሚቀመጠው 50፥ በድምሩ 1,230 ዶላር ናቸው። በደመወዝ የሚነዳው ሾፌር በማይል 55 ሳንቲም ያገኛል ብንል ንጽጽሩ እንደሚከተለው ይሆናል፤

በ3,000 ማይል ሳምንት፥ ለተከራዩ 1,839 ዶላር፥ ለደመወዝተኛው 1,650 ዶላር።
በ2,500 ማይል ሳምንት፥ ለተከራዩ 1,328 ዶላር፥ ለደመወዝተኛው 1,375 ዶላር።
በ1,600 ማይል ሳምንት፥ ለተከራዩ 407 ዶላር፥ ለደመወዝተኛው 880 ዶላር።
መኪናው ጋራዥ በዋለበት ሳምንት፥ ተከራዩ 1,230 ዶላር ዕዳ ይገባበታል፤ ደመወዝተኛው ምንም አያገኝም፥ ዕዳም የለበትም።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ቍጥሮች ተለይተው ሊያዙ ይገባል። የመጀመሪያው 1,202 ማይል ነው፤ ተከራዩ ይህን ያኽል ሳይነዳ ለራሱ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። ሁለተኛው 2,600 ማይል ነው፤ ይህን ያኽል በየሳምንቱ ካልነዳ በደመወዝ ይነዳ በነበረ ጊዜ ያገኝ ከነበረው አይደርስም። የአሜሪካ ሕግ ሾፌሩ ከአሥር ሰዓት ዕረፍት በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ፥ በስምንት ቀንም ውስጥ ከ70 የሥራ ሰዓት በኋላ መንዳቱን እንዲያቆም ያዝዛል። በመጋዘን ደጃፍ ተሰልፎ ጭነት ሲጠብቅ የሚያልፈው ጊዜ ከዚሁ ላይ ስለሚቀነስ፥ 2,600 ማይል በየሳምንቱ ያለማቋረጥ ማግኘት ትጋት ብቻውን የሚያመጣው ነገር አይደለም። ጭነት ከመዳቢው መልካም ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው።

በተጨማሪም የግብር ነገር አለ። ደመወዝተኛው ለጡረታና ለሕክምና መዋጮ 7.65 በመቶ ሲከፍል ሌላውን 7.65 አሠሪው ይከፍልለታል። ተከራዩ ግን በሕግ ዐይን ነጋዴ ስለ ሆነ 15.3 በመቶውን ራሱ ይሸፍናል። ከባድ መኪና በመንገድ ላይ ለመሄድ በየዓመቱ የሚከፈለው እስከ 550 ዶላር የሚደርስ ግብርም አለ። በየሳምንቱ የሚቀበለውን ሁሉ የእኔ ነው ብሎ የሚያጠፋ ሰው በግብር ወራት ይደነግጣል።

ሐ. የሦስት ወር ሒሳብ

አንድ ሳምንት ብቻውን ስለማያስረዳ አሥራ ሦስት ሳምንት እናስብ። ስምንቱ 2,500 ማይል፥ ሁለቱ 3,000፥ ሁለቱ 1,600፥ አንዱም ጋራዥ የተዋለበት ይሁኑ። ይህ መጥፎ ዘመን አይደለም፤ መጠነኛ ነው። ተከራዩ ከግብር በፊት 13,886 ዶላር ያገኛል፤ ደመወዝተኛው ደግሞ 16,060። ልዩነቱ 2,174 ዶላር ነው። በእነዚሁ ወራት ተከራዩ ለመኪናው 12,350 ዶላር ከፍሏል። እስከ መጨረሻው ከጸና ይህ ገንዘብ የመኪና ዋጋ ይሆንለታል። ከመጨረሻው በፊት ከወጣ ግን በረቂቁ መሠረት የኪራይ ገንዘብ ብቻ ነበር ተብሎ ይቀራል። የጉዳዩም ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። በባንክ ብድር የገዛ ሰው መክፈል ቢያቅተው መኪናውን ሽጦ ዕዳውን ከፍሎ የተረፈውን ሊይዝ ይችላል። ተከራዩ ግን ሊብሬው በስሙ ስላልሆነ የሚሸጠው የለውም።

4. ሕጉ ለሾፌሩ የሰጠው መብት

ሾፌሩ ፈጽሞ ሕግ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውና ዛሬ በፌዴራሉ የጭነት መኪናዎች ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሥር የሚገኘው የኪራይ ደንብ የሚከተሉትን ያዝዛል። የሾፌሩ ክፍያ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። የጭነቱን ወረቀት ካስረከበ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። ከክፍያው የሚቀነሰው ነገር ሁሉ በውሉ ላይ በዝርዝር መታወቅ አለበት፤ አቈራረጡን የሚያስረዳውንም ሰነድ የማየት መብት አለው። የሚከፈለው ከጭነቱ ዋጋ በመቶኛ ከሆነ የጭነቱን ሒሳብ ግልባጭ ማግኘት አለበት። በመያዣ የተቀመጠ ገንዘብ ወለድ ሊታሰብለትና ውሉ ካለቀ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይገባል። ደንቡ የተጣሰበትም ባለመኪና ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ፍርድ ቤት መሄድን በሚመለከት አንድ ውሳኔ ማስታወስ ይጠቅማል። በእነዚህ ውሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ «ክርክር ቢነሣ በግልግል ዳኛ ይታይ» የሚል አንቀጽ ይገባል። በጥር 2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒው ፕራይም በተባለው ኩባንያ ጉዳይ፥ የማጓጓዣ ሠራተኞችን ከፌዴራሉ የግልግል ሕግ ውጭ የሚያደርገው አንቀጽ በስም ነጋዴ የተባሉትን ሾፌሮች ጭምር እንደሚመለከት ወስኗል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ያነበበ ሾፌር የፍርድ ቤት በር ፈጽሞ ተዘግቶብኛል ብሎ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም።

የሆነ ሆኖ የደንቡን ወሰን ማወቅ ያሻል። ደንቡ ውሉ እንዲገለጥ ያዝዛል እንጂ ዋጋው መጠነኛ እንዲሆን አያዝዝም። ጭነት እንዲሰጥም አያስገድድም። በግልጽ የተጻፈ ከባድ ውል የፈረመ ሰው በደንቡ ላይ ብዙ መመካት አይችልም።

5. ከመፈረም በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች

ለወንድማችን የላክንለት ምክር በስድስት ጥያቄዎች የተጠቃለለ ነበር። መልሱንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲቀበል አሳስበነዋል።

አንደኛ፥ የመኪናው ጠቅላላ ዋጋ ከመጨረሻው ክፍያ ጋር ስንት ነው? በገበያስ ስንት ያወጣል?

ሁለተኛ፥ ውሉ በመካከል ቢቋረጥ ምን ይደረጋል? አንዳንድ ኩባንያዎች መኪናውን መልሶ ያለ ቅጣት መሄድን ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች የቀረውን ክፍያ ሁሉ ይጠይቃሉ። ኩባንያው ራሱ ሲያቋርጥና ሾፌሩ ሲያቋርጥ ያለው ልዩነትም ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛ፥ በዚያው መኪና ለሌላ ኩባንያ ጭነት መሥራት ይፈቀዳል ወይ? ካልተፈቀደ ሾፌሩ ባለመኪና የተባለው በስም ብቻ ነው።

አራተኛ፥ ባለፈው ዓመት በዚሁ ውል የሠሩ ሾፌሮች በሳምንት ስንት ማይል ነዱ? ውሉን ጀምረው ሊብሬውን የተቀበሉትስ ስንት ናቸው? ኩባንያው ይህን መዝገብ ሳይይዝ አይቀርም። የማያሳይ ከሆነ ዝምታው ራሱ መልስ ነው።

አምስተኛ፥ መኪናውን ከኩባንያው ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ ሊመረምረው ይችላል ወይ? የሞተሩ ዘይት በላቦራቶሪ እንዲታይ፥ የሞተሩም ኮምፒዩተር መዝገብ እንዲነበብ ያስፈልጋል። በዘመናዊዎቹ መኪናዎች የጭስ ማጣሪያው ክፍል ሲበላሽ ጥገናው ውድ ስለ ሆነ እርሱም በተለይ መታየት አለበት።

ስድስተኛ፥ ጥገናው የት ይደረጋል? በኩባንያው ጋራዥ ብቻ ከሆነ ዋጋውን የሚወስነው ያው ኪራይ ተቀባዩ ነው።

ከዚህም ሌላ ሾፌሩ ከመፈረሙ በፊት ቢያንስ የስምንት ሳምንት ቋሚ ወጪ በእጁ ሊኖረው ይገባል ብለን እናምናለን። በምሳሌአችን ይህ 9,840 ዶላር ነው። ይህን ያኽል ያላጠራቀመ ሰው አንድ የሞተር ብልሽት ብቻ ከውሉ ያስወጣዋል። ይህን ያኽል ያጠራቀመ ሰው ደግሞ ለሌላ፥ ለተሻለ ግዥ ቅድመ ክፍያ ማግኘት ጀምሯል ማለት ነው።

6. የተቃራኒው ወገን ሐሳብ

ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ የውሉን ጥቅም የሚናገሩትን ሰዎች ሐሳብም መመልከት ይገባናል። እነርሱ እንደሚሉት ይህ መንገድ ባንክ ፊቱን ላዞረበት አዲስ ስደተኛ ብቸኛው በር ነው። ያለ ቅጣት መውጣትን የሚፈቅድ ውል ከሆነ ሥራውን ለመሞከር ይረዳል፤ ጎበዝና ቈጣቢ ሾፌር ጨርሶ ባለቤት የሚሆንበት ጊዜም አለ ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። ከላይ ያየነው የ3,000 ማይል ሳምንትም ይህንኑ ያሳያል።

ነገር ግን በ2020 መጨረሻና በ2021 የጭነት ዋጋ ከፍ ባለ ጊዜ ብዙዎች መኪና ተሻምተው እንደ ያዙ፥ በ2022 ዋጋው መውደቅ ሲጀምር ግን ክፍያው ባለበት እንደ ቀረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የተተረተበት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ውል የሚመዘነው በመልካሙ ሳምንት ሳይሆን በክፉው ነው፤ መልካሙን ሳምንት ማንም ሰው ያለ ውልም ያልፈዋልና።

መደምደሚያ

ወንድማችን ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ለኩባንያው አቀረበ። የመጣው መልስ በስልክ ብቻ ነበር። ስለ ገበያው ዋጋና ስለ ጨረሱት ሾፌሮች ብዛት የተሰጠ መልስ አልነበረም፤ ስለ ማቋረጡ «በውሉ ላይ ያለው ነው» ተባለ። አምስተኛው ቀን ሳይፈርም አለፈ። መኪናው ለሌላ ይሰጣል ተብሎ የነበረ ቢሆንም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው መኪና በዚያው ውል እንደ ገና ቀረበለት።

ነገር ግን ወንድማችን በመጨረሻው ደብዳቤው አንድ ቃል ጽፎልናል፤ «ሒሳባችሁን ተቀብያለሁ፤ ግን ዕድሜዬን ሁሉ በሰው መኪና ልኑር ማለታችሁ ነው?» ይላል። ይህ ጥያቄ በሒሳብ ብቻ የሚመለስ ስላልሆነ ብዙ ተወያየንበት። የራስን መኪና መመኘት መልካም ምኞት ነው፤ ውሉም ሰውን የሚስበው በዚሁ ምኞት ነው። የእኛም መልስ፥ ምኞቱን ይያዝ፥ መንገዱን ግን ይለውጥ የሚል ሆነ። በደመወዙ እየነዳ በየሳምንቱ ጥቂት ያስቀምጥ፤ የብድር ታሪኩን ያስተካክል፤ ሲገዛም ሊብሬው ከመጀመሪያው ቀን በስሙ የሚሆንበትን፥ ጭነቱንም ከፈለገው ሊቀበል የሚችልበትን መንገድ ይምረጥ። ባለመኪናነት ማለት መሪውን መጨበጥ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚሄዱ መምረጥም ነውና።

ይህ ጽሑፍ ከጓደኞቻችን መካከል የአንዱን እንኳ ዘመድ ብዕር ከማንሣቱ በፊት እንዲደምር ካደረገው ድካማችን ተከፍሏል እንላለን። በሒሳባችን ስሕተት ያገኘ አንባቢም ቢያርመን በምስጋና እንቀበላለን።